ዣን ቪክቶር ፖንስሌ፦ ነጥብና መሥመርን በእኩል ዐይን ያየው የሳራቶቭ እስረኛ

እ.ኤ.አ በኖቬምበር 1812 ከሞስኮ ተነሥቶ በረዶ እየረገጠ ወደ ምዕራብ ያፈገፍግ የነበረው የናፖሊዮን ሠራዊት ክራስኖይ በተባለች የሩሲያ ከተማ አጠገብ ክፉኛ ተመታ። ውጊያው ሲበርድ በበረዶው ላይ ከወደቁት መካከል የ24 ዓመቱ የመሐንዲስ ጦር መኮንን ዣን ቪክቶር ፖንስሌ አንዱ ነበር። ጓዶቹ ሞቷል ብለው ጥለውት ሄደዋል። ሜዳውን ሲያስሱ የደረሱት የሩሲያ ወታደሮች ግን ነፍሱ እንዳልወጣች አዩ፤ የለበሰው የመሐንዲስ መኮንን ልብስ መሆኑንም አስተዋሉ። መሐንዲስ ስለ ምሽግና ስለ ድልድይ የሚያውቀው ነገር አይጠፋምና ለምርመራ ወደ አዛዦቻቸው ወሰዱት። ነፍሱን ያተረፈለት ልብሱ ነው ማለት ይቻላል።

ምርኮኞቹ ወደ ምሥራቅ፣ በቮልጋ ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ሳራቶቭ በእግራቸው እንዲጓዙ ተደረገ። ጉዞው አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። የዚያ ዓመት ክረምት በሙቀት መለኪያ ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ እስከ ማርጋት ደርሷል፤ ይህም ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ነው። ብዙዎች በየመንገዱ ቀሩ። ፖንስሌ በማርች 1813 ሳራቶቭ ሲገባ አካሉ ደቅቆ ነበርና ወዲያው ታመመ። የሚያዝያ ፀሐይ ሲበረታ ቀስ በቀስ አገገመ። ሲያገግም ግን ሌላ ችግር ጠበቀው፤ ቀኑ አልመሽ አለው። የሚያነበው መጽሐፍ፣ የሚሠራው ሥራ፣ የሚመጣ ደብዳቤ አልነበረም።

ያለው ሀብት በፓሪስ የተማረው ሒሳብ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከአእምሮው እየተሸረሸረ መሆኑን ተገነዘበ። በርዕስ በርዕስ ሊያስታውስ ሲሞክር ዝርዝሩ ጠፍቶበት መሠረታዊዎቹ ሐሳቦች ብቻ ቀርተዋል። ስለዚህ ከሥሩ ጀመረ። ከተራው ስሌት ተነሥቶ ወደ አልጀብራ፣ ከዚያም ወደ ጂኦሜትሪ እያለ የጠፋውን ሁሉ በራሱ እጅ መልሶ ገነባ። አብረውት የታሰሩትን መኮንኖችም አስተማረ። የጻፋቸው ሰባት ደብተሮች ተርፈዋል። በእነዚህ ደብተሮች ውስጥ ያለው የተረሳ ትምህርት ማስታወሻ ብቻ ሳይሆን አዲስ ጂኦሜትሪ ጭምር ነበር።

ፖንስሌ የተወለደው በጁላይ 1 ቀን 1788 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው ሜስ ከተማ ነው። አባቱ ባለርስትና የሕግ ሰው ነበሩ፤ ልጁ ግን ከጋብቻ ውጭ የተወለደ በመሆኑ የልጅነት ዘመኑን ያሳለፈው ሳን አቮልድ በምትባል ትንሽ ከተማ በሌላ ቤተሰብ እጅ ነው። ወደ ሜስ የተመለሰው በ1804 ሲሆን ከሦስት ዓመት በኋላ በፓሪስ ወደሚገኘው ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ። በዚያ ትምህርት ቤት የጋስፓር ሞንዥ መንፈስ ነግሦ ነበር። ሞንዥ ምሽግንና ማሽንን በወረቀት ላይ በትክክል ለመንደፍ የሚያስችለውን የሥዕል ጂኦሜትሪ ያቋቋመ ሰው ነው። ተማሪዎቹን ያስለመዳቸውም አንድን ቅርጽ ከተለያየ አቅጣጫ ሲታይ ምን እንደሚመስል መጠየቅን ነው። ፖንስሌ በጤና ማጣት አንድ ዓመት ቢባክንበትም ይህን ልማድ ይዞ ወጣ፤ ወደ ሩሲያም የሄደው ከእርሱ ጋር ነው።

በሳራቶቭ ያነሣው ጥያቄ ለማንም ሰው ሊገባ የሚችል ነው። ክብ ሰፌድ በኩራዝ ፊት ቢያዝ በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጥላ ሁልጊዜ ክብ አይደለም። ሰፌዱ ዘንበል ባለ ቁጥር ጥላው ይሞላለቃል፤ ከኩራዙ ከፍታ በላይ ሲወጣ ደግሞ ጫፉ ተከፍቶ መጨረሻ ወደሌለው ቅርጽ ይለወጣል። ርዝመት ይቀየራል፣ ማዕዘን ይቀየራል፣ ስፋት ይቀየራል። ታዲያ የማይቀየረው ምንድን ነው? ቀጥታ መሥመር በጥላውም ቀጥታ ነው። ሦስት ነጥቦች በአንድ መሥመር ላይ ከነበሩ ጥላቸውም በአንድ መሥመር ላይ ነው። ሦስት መሥመሮች በአንድ ነጥብ ከተገናኙ ጥላቸውም በአንድ ነጥብ ይገናኛል። መሥመር ክብን ነክቶ ካለፈ ጥላውም የሞላላውን ጠርዝ ነክቶ ያልፋል። ፖንስሌ ገመድና ማዕዘን መለኪያ የሚያሻውን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ ከዚህ ለውጥ የሚተርፈውን ብቻ ማጥናት ጀመረ። ከሚተርፉት ውስጥ ዋናው፣ የትኛው ነጥብ በየትኛው መሥመር ላይ እንደሚያርፍና የትኛው መሥመር በየትኛው ነጥብ እንደሚያልፍ ነው።

በዚህ መንገድ አንድ እንቅፋት ነበረበት። ሁለት ነጥቦች ምንጊዜም አንድ መሥመር ያገናኛቸዋል። ሁለት መሥመሮች ግን ሁልጊዜ አይገናኙም፤ ትይዩ ከሆኑ እስከ ወዲያኛው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ቀጥ ተደርጎ በታረሰ ሰፊ ማሳ ራስጌ ላይ የቆመ ገበሬ ትልሞቹ ወደ አድማስ እየጠበቡ በአንድ ስፍራ የሚገናኙ መስሎ ይታየዋል። ሠዓሊዎች ይህን ከፖንስሌ በፊት ያውቁ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ የኖረው የሊዮኑ ዠራር ዴዛርግ ከሒሳብ ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ መጽሐፉ ግን ከጥቂት ሰዎች በቀር አንባቢ አላገኘም። ፖንስሌም ትይዩ መሥመሮች እጅግ ሩቅ በሆነ፣ መጨረሻ በሌለው ርቀት ባለ አንድ ነጥብ ይገናኛሉ ብሎ ተቀበለ። እንዲህ ያሉት ነጥቦች ሁሉ ደግሞ በአንድ የሩቅ መሥመር ላይ ያርፋሉ። ይህ ሲጨመር ልዩነቱ ጠፋ። ማንኛቸውም ሁለት ነጥቦች አንድ መሥመር አላቸው፤ ማንኛቸውም ሁለት መሥመሮችም አንድ ነጥብ አላቸው።

ከሳራቶቭ ደብተሮች ውስጥ ዛሬም የሒሳብ ሰዎችን የሚያስደንቅ አንድ ግኝት አለ። አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሞላላ ቅርጾች ይኑሩ። ከውጭኛው ጠርዝ ላይ ካለ አንድ ነጥብ በመነሣት ውስጠኛውን ነክቶ የሚያልፍ መሥመር እስከ ማዶ ይሰመር፤ ከደረሰበት ነጥብ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ እየተባለ ይቀጥል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዞው ወደ መነሻው አይመለስም። ነገር ግን አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በአምስተኛው መሥመር፣ ከተመለሰና ከገጠመ፣ መነሻው የትም ቢሆን በአምስተኛው ይገጥማል። በእስር ቤት ወረቀት ላይ የተጻፈው ይህ ውጤት ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሰላም ሲወርድ በጁን 1814 ከሳራቶቭ ተነሣ፤ በሴፕቴምበር ፈረንሳይ ደረሰ። ሩሲያውያን ነጋዴዎች የሚቆጥሩበትን ባለ ዶቃ መቁጠሪያ ይዞ እንደመጣና የሜስ ልጆች እንዲማሩበት እንዳደረገም ይነገርለታል። በሜስ የጦር መሐንዲስነት ሥራውን ቀጠለ፤ የከተማ በር ድልድይን በቀላሉ የሚያነሣ አዲስ የክብደት ማመጣጠኛ ሠራ። ደብተሮቹን ወደ መጽሐፍ የሚለውጠው በትርፍ ጊዜው ነበር።

በ1820 ሥራውን ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። መርማሪ ሆነው ከተሰየሙት ውስጥ የጥብቅ ማረጋገጫ አባት የሚባለው ኦጉስታን ሉዊ ኮሺ ነበረበት። ኮሺ ውጤቶቹን አደነቀ፤ የተደረሰበትን መንገድ ግን አልወደደውም። ፖንስሌ አንድ ቅርጽ ያለማቋረጥ ሲለወጥ ሕጉም አብሮት ይዘልቃል የሚል መርህ ነበረው። ክብን በሁለት ነጥብ የሚቆርጥ መሥመር እየራቀ ሲሄድ መጀመሪያ በአንድ ነጥብ ይነካዋል፣ በኋላም ጨርሶ ይለየዋል። ለፖንስሌ ያን ጊዜም ሁለቱ መገናኛዎች አልጠፉም፤ ለዐይን የማይታዩ ሆኑ እንጂ። ኮሺ ይህን ደፋር ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም ብሎ መዘገበ። በሒሳብ ሚዛን ኮሺ ትክክል ነበር፤ መርሁ በጥብቅ የቆመው በኋላ ሌሎች በአልጀብራ ሲደግፉት ነው። ነገር ግን በዚያ ዘገባ ምክንያት አንባቢው ሁሉ መጽሐፉን በጥርጣሬ ሊያየው መሆኑን ፖንስሌ ተረዳ፤ ቅሬታውንም እስከ እርጅናው ድረስ አልጣለውም። መጽሐፉ በ1822 ታተመ።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት እንመጣለን። በ1640 የ16 ዓመቱ ብሌዝ ፓስካል አንድ ሕግ አገኘ፦ ስድስት ነጥቦች በሞላላ ቅርጽ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በተራ በመሥመር ቢያያዙ፣ ትይዩ ባይሆኑም ፊት ለፊት የሚተያዩት ሦስት ጥንድ ጎኖች ተራዝመው የሚገናኙባቸው ሦስት ነጥቦች በአንድ መሥመር ላይ ያርፋሉ። በ1806 ደግሞ የፖሊቴክኒክ ተማሪ የነበረው ሻርል ብሪያንሾን ሌላ አገኘ፦ ስድስት መሥመሮች ሞላላውን እየነኩ ቢያልፉና በተራ ቢገናኙ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ማዕዘኖች የሚያያይዙት ሦስት መሥመሮች በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። በሁለቱ መካከል 166 ዓመት አለ። አንባቢ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በአንደኛው ውስጥ ነጥብ የሚለውን መሥመር፣ መሥመር የሚለውን ነጥብ እያለ ቢያነብ ሁለተኛውን ያገኛል። አንድ ሕግ ሁለት ጊዜ ተገኝቶ ነበር ማለት ነው።

ብሪያንሾን ከፖንስሌ ጋር አብሮ የጻፈ ወዳጁ ነበር። ፖንስሌ የዚህን መንታነት ምክንያት ያየው በክብ በኩል ነው። ከክብ ውጭ ካለ ነጥብ ክቡን የሚነኩ ሁለት መሥመሮች ይወጣሉ፤ የነኩበትን ሁለት ቦታ የሚያያይዘው መሥመር የዚያ ነጥብ ባልደረባ ይባል። ለእያንዳንዱ ነጥብ እንዲህ ባለ መንገድ ባልደረባ መሥመር አለው፤ ነጥቡ ክቡ ውስጥ ሲሆንም ባልደረባው በሌላ ሥራ ይገኛል። ነጥቡ በአንድ ቀጥታ መሥመር ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ባልደረባው እንደ በር በማጠፊያው በአንድ ነጥብ ዙሪያ ይዞራል። እንግዲህ በአንድ መሥመር ላይ የተሰለፉ ነጥቦች በአንድ ነጥብ የሚያልፉ መሥመሮች ይሆናሉ፤ አንድ ሕግ በተረጋገጠ ቁጥር መንታውም ያለ ተጨማሪ ድካም ይገኛል። ፖንስሌ ይህን በሰፊው ጽፎ በ1824 ለአካዳሚው ሰጠ። ዘገባውን እንዲያቀርብ የተመደበው ዳግመኛ ኮሺ ነበር፤ ዘገባው ለዓመታት ዘገየ።

በዚህ መካከል በሞንፔልዬ ከተማ የሒሳብ መምህርና የመጽሔት አዘጋጅ የነበረው ዦዜፍ ዠርጎን በ1826 ሐሳቡን በራሱ መጽሔት አወጣ። ገጹን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ዐምድ ስለ ነጥብ፣ በትይዩው ስለ መሥመር ጻፈ። ቃላቱ ከመለዋወጣቸው በቀር ሁለቱ ዐምዶች አንድ ናቸው። ዠርጎን መንታነቱ ክብም ሞላላም የማያስፈልገው፣ ከራሱ ከነጥብና ከመሥመር ግንኙነት የሚመነጭ ሕግ ነው አለ። ፖንስሌ ተቆጣ። ለእርሱ ይህ በግዞት የወለደውንና በአካዳሚ መደርደሪያ ላይ የቀረበትን ልጅ ሌላ ሰው በስሙ ማስነሣቱ ነበር። ጠቡ በጋዜጣና በመጽሔት ዓመታት ቆየ።

ማን ትክክል ነበር? ሁለቱም በከፊል። የሕጉን ምንጭ በትክክል ያየው ዠርጎን ነው፤ ዛሬ የሒሳብ ተማሪ የሚማረው በእርሱ መንገድ ነው። በሥራ ያዋለውና ምን ያህል እንደሚያራምድ ያሳየው ግን ፖንስሌ ነው። ዠርጎን ከቀጥታ መሥመር አልፎ ወደ ውስብስብ ኩርባዎች ሲገባ የኩርባውና የመንታው ደረጃ እኩል ነው ብሎ ተሳሳተ፤ ያረመውም ፖንስሌ ነው። የጠቡ ጉዳት ሦስተኛ ሰው ላይም ደርሷል። ጀርመናዊው ወጣት ዩሊዩስ ፕሉከር ለዠርጎን መጽሔት የላከው ጽሑፍ በአዘጋጁ እጅ ተለውጦ በሁለት ዐምድ ወጣ፤ ፖንስሌም ሥራዬን ሰረቀ ብሎ ከሰሰው። ፕሉከር ስለ ለውጡ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ፖንስሌ በዚህ አልተመሰገነም፣ ሊመሰገንም አይገባም። ክርክሩን የዘጋው ግን ያው የተከሰሰው ፕሉከር ነው። ነጥብ በቁጥሮች እንደሚገለጽ ሁሉ መሥመርንም በቁጥሮች ገለጸ፤ ነጥቡ በመሥመሩ ላይ መሆኑን በሚያሳየው ስሌት ውስጥ የነጥቡም የመሥመሩም ቁጥሮች በእኩል ቦታ ተቀመጡ። ማን በማን ላይ እንዳረፈ ስሌቱ አያዳላም።

የጂኦሜትሪው ጠብ በሚካሄድበት ጊዜ ፖንስሌ ፊቱን ወደ ውሃ መልሶ ነበር፤ ለገጠሩ ሕዝብ የበለጠ የጠቀመውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ዘመን ዝቅተኛ ፏፏቴ ባለበት ስፍራ እህል የሚፈጩት መዘውሮች ከሥራቸው በሚያልፍ ውሃ ይዞሩ ነበር። ክንፎቻቸው ጠፍጣፋ ጣውላ ነበሩ። ውሃው ጣውላውን ይመታዋል፣ ይረጫል፣ ያረፋል፣ ከዚያም ገና ጉልበት ሳለው ያልፋል። ከውሃው ጉልበት ወደ ወፍጮው ድንጋይ ሲሶው እንኳ መድረሱ ያጠራጥር ነበር። ፖንስሌ ጣውላውን አጎበጠው። ውሃው በጎበጠው ክንፍ ላይ ሳይጋጭ ይገባል፣ ሽቅብ ይወጣል፣ ጉልበቱን ጨርሶ ተመልሶ ይወርዳል፤ ከመዘውሩ ሲለይ ፍጥነት የለውም ማለት ይቻላል። በዚህ ከውሃው ጉልበት ከግማሽ በላይ ማትረፍ ተቻለ። የመዘውሩ ስፋትና የወንዙ መጠን ሳይጨምር የወፍጮ ቤቱ ምርት ጨመረ። አካዳሚው በ1825 በዚህ ሥራ ሸለመው። ለነጥብና ለመሥመሩ ያልሰጠውን ለመዘውሩ ሰጠው።

ከ1827 ጀምሮ ለሦስት ዓመት በሜስ ለእጅ ባለሙያዎችና ለሠራተኞች የማታ ትምህርት ሰጥቷል። ከጋስፓር ኮሪዮሊ ጋርም ሥራ የሚለውን ቃል በመካኒክስ ውስጥ ዛሬ ባለው ትርጉሙ፣ ጉልበት በተጓዘበት ርቀት ሲባዛ የሚገኘው መጠን ብለው አስለመዱት።

ከእርሱ በኋላ መንታነቱ እርሱ ባላሰበው ስፍራ ሥራ አግኝቷል። ጣሊያናዊው ጂኖ ፋኖ በ1892 ሰባት ነጥቦችና ሰባት መሥመሮች ብቻ ያሉት ጂኦሜትሪ አሳየ። በያንዳንዱ መሥመር ላይ ሦስት ነጥብ፣ በያንዳንዱ ነጥብም ሦስት መሥመር አለ። በ1936 በእንግሊዝ የሮታምስቴድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ባለሙያ የነበረው ፍራንክ ዬትስ ለዘር ሙከራ ያወጣው የምደባ ዘዴ ይህንኑ አሰላለፍ ያቅፋል። ሰባት የስንዴ ዝርያዎችን ማወዳደር ቢፈለግና አፈሩ አንድ ወጥ የሆነው ቁራሽ መሬት ሦስት ዝርያ ብቻ የሚይዝ ቢሆን ምን ይደረጋል? ዝርያዎቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ ይባሉ። በሰባት ቁራሾች ላይ እንዲህ ይዘራሉ፦ ሀለሐ፣ ሀመሠ፣ ሀረሰ፣ ለመረ፣ ለሠሰ፣ ሐመሰ፣ ሐሠረ። ማንኛቸውም ሁለት ዝርያዎች በአንድ አፈር ላይ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜም ብቻ ጎን ለጎን ይፈተናሉ። ማንኛቸውም ሁለት ቁራሾች ደግሞ አንድ የጋራ ዝርያ አላቸው። በዝርያ ፈንታ ነጥብ፣ በቁራሽ ፈንታ መሥመር ቢባል የፖንስሌ ሕግ ነው። ዝርያና ቁራሽ ቦታ ቢለዋወጡም ሠንጠረዡ አይፈርስም። የአንዱ ማሳ ለምነት ለአንዱ ዝርያ ያደላበት ሙከራ ገበሬውን ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያውቅ ሰው የዚህን አሰላለፍ ዋጋ አያጣውም።

ፖንስሌ በ1834 የአካዳሚው አባል ሆነ፤ የገባው ግን በጂኦሜትሪ ሳይሆን በመካኒክስ ክፍል ነው። በ1838 በፓሪስ የሳይንስ ፋኩልቲ ማስተማር ጀመረ፤ በ1842 ሉዊዝ ጎደንን አገባ፤ በ1848 ብርጋዴር ጄኔራል ሆኖ የተማረበትን ኤኮል ፖሊቴክኒክ መራ። ጡረታ የወጣው በ1850 ነው። በቀጣዩ ዓመት በለንደን በተካሄደው ታላቅ ኤግዚቢሽን የማሽኖች ዳኛ ሆኖ ስለ መሣሪያዎች እድገት ትልቅ ዘገባ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሳራቶቭ ደብተሮች ተመለሰ። በሩሲያ እስር ቤት የተጻፉ መሆናቸውን በርዕሱ ላይ ገልጾ የመጀመሪያውን ቅጽ በ1862፣ ሁለተኛውን በ1864 አሳተመ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈበት ሥራ ነው፤ ሒሳቡ አብዛኛው በዚያ ጊዜ የታወቀ ነበር። እርሱ ግን ማን መጀመሪያ እንዳሰበው በወረቀት እንዲታይለት ፈለገ። የ1822ቱን መጽሐፉንም እንደገና አሳተመ፤ የድሮ ክርክሮቹን በማስታወሻ እያነሣ።

በዲሴምበር 22 ቀን 1867 በፓሪስ ሞተ። ስሙ በኤፍል ማማ ላይ ከተቀረጹት 72 የሳይንስና የምህንድስና ሰዎች አንዱ ነው። ባለቤቱ በስሙ ሽልማት እንዲቋቋም ለአካዳሚው ገንዘብ ሰጡ፤ ሽልማቱ በ1868 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የተቀበለው ጀርመናዊው የጂኦሜትሪ ሊቅ አልፍሬድ ክሌብሽ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሙቀትና የመካኒክስ ሥራ አንዱ ወደ ሌላው እንደሚለወጡ ያሳየው ሐኪሙ ዩሊዩስ ሮበርት ማየር።